የተዋጠችው መስመር

ሰኞ ጠዋት ክብሪት ቢሮ ስትገባ የአምስት ወር ሥራዋ ቦታው ላይ አልነበረም።

አልተሰረቀም፣ አልተበላሸም። ተነቅሏል። በቦታው አንድ ማስታወሻ ተቀምጧል፦ «ክራሽ ስለሚያስከትል ወደ ነበረበት ተመልሷል።» አምስት ቃል። ለአምስት ወር አምስት ቃል፤ ለየወሩ አንድ አንድ ደረሰው ማለት ነው። ከማስታወሻው ግርጌ የነቃዩ መለያ ስም አለ፦ ድመት።

ክብሪት ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። የሥራ ጓደኞቿ ናቸው የሰጧት፣ ለመቀጣጠል አንዲት ጭረት ስለምትበቃት። ድመትም እንደዚሁ ነው። ሲራመድ ኮቴው አይሰማም፤ ስብሰባ ላይ መሐላቸው ተቀምጦ ሰዎች «ዛሬ ቀረ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም የሚሠሩት ብራውዘር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ፣ የጽሑፍ ክፍል በሚባለው ነው። ሰው ስልኩን ከፍቶ አንድ ገጽ ሲያነብ፣ ቃላቱን እየለካ «እዚህ ላይ መስመሩ ሞልቷል፣ ቀጣዩ ቃል ወደ ታች ይውረድ» የሚለው ሞተር የእነሱ የእጅ ሥራ ነው። የክብሪት የአምስት ወር ሥራ የዚህ ሞተር አዲስ የመስመር አደራደር ነበር፦ ፊደሉ ምን ቢተልቅ መስመሩ ከስልኩ ጠርዝ እንዳያልፍ።

በክፍሉ አንድ ልማድ አለ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ተረኛ ይሆናል። አዲስ የገባ ሥራ ብራውዘሩን በድንገት እየዘጋ ከጣለው፣ ማለትም ክራሽ ካስከተለ፣ ተረኛው መጀመሪያ ይነቅላል፣ ቀጥሎ ይጠይቃል። ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። ክብሪት ልማዱን ታውቀዋለች፤ በተራዋ ስንቱን ነቅላለች። ግን የነቀለችበትን ሰው ሁሉ ቀድማ ደውላ ትነግረው ነበር፤ ጮኻም ቢሆን።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በቀጥታ ወደ ድመት ጠረጴዛ ሄደች።

«አንተ!»

ድመት ቀና አለ። የሚጠብቃት ይመስል ወንበሩን ቀድሞ ወደ መተላለፊያው አዙሮ ነበር።

«ስልክ የለህም?»

«አለኝ።»

«የኔ ቁጥር ጠፋብህ?»

«አልጠፋብኝም።»

«ታዲያ አፍህን ምን ያዘው?»

ዝም አለ። ዝም ሲል ዓይኑን አይሰብርም፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያናድዳት። ዓይኑን ቢሰብር ኖሮ አሸነፍኩ ብላ ትመለስ ነበር።

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት መቶ የክራሽ ሪፖርት ተከማችቷል» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም የሚወድቀው አንቺ ያቆምሽው ዘበኛ ላይ ነው።»

ዘበኛ የሚሉት በኮዱ መሐል የሚቀመጥ የፍተሻ መስመር ነው። ሊሆን የማይገባው ነገር ሆኖ ካገኘ ይጮኻል፤ ብራውዘሩም እዚያው ቀጥ ይላል። የክብሪት ዘበኛ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንድ መስመር ከተለካለት ስፋት እንዳያልፍ።

«ዘበኛው የጮኸው ሌባ አይቶ ነዋ!» አለች። «ሌባውን መያዝ ትተህ ቤቱን ታፈርሳለህ?»

ከኋላ ወንበር አንዱ «ተጫረች!» ሲል ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ክብሪት ዘወር ስትል ሁሉም ሥራ በዝቶበት ነበር።

ጩኸቱን ሰምታ የክፍሉ ኃላፊ ከክፍሏ ወጣች። ከሁሉም በዕድሜ ስለምትበልጥ «እትዬ» ነው የሚሏት፤ መጀመሪያ በቀልድ፣ ኋላ ግን ከልብ።

«በይ ድምፅሽን ቀንሺ» አለች እትዬ። «አዲሱ እትም ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ የክራሹን ምክንያት አግኝታችሁ ካስተካከላችሁ ሥራሽ ይመለሳል። ካልሆነ ግን በአሮጌው አደራደር እንቀጥላለን፤ እኛም ወደ ሌላ ሥራ እንዞራለን።»

«‹አግኝታችሁ› ማለት እነማን?»

«ማስተካከያሽን የሚያጸድቅ ሁለተኛ ሰው ያስፈልግሻል። እሱ ነው።»

«ከእሱ ጋር ከምሠራ ከግድግዳ ጋር ብሠራ ይሻለኛል።»

«ግድግዳ አያጸድቅም» አለችና እትዬ በሯን ዘጋች።

ለሌላ ሰው ይህ ሥራ ሥራ ብቻ ነበር። ለክብሪት ግን አባቷ ነበሩ። አባቷ ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት የፈጁ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ በእርሳስ ማዕድን የተቀረጹ ፊደላትን እየመረጠ የሚደረድር ለቃሚ፣ ኋላ አራሚ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። የስልካቸውን ፊደል እስከ መጨረሻው ካላተለቁ አያነቡም፤ በአሮጌው አደራደር ደግሞ ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ከስልኩ ማያ ጠርዝ አልፎ ይሄዳል። እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየገፉ፣ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለሱ ታያቸው ነበር። አንድ ቀን ስልኩን አልጋው ላይ ወርውረው «ማንበብ በቃኝ» አሉ። ስልሳ ዓመት ያነበበ ሰው። ክብሪት ሥራውን የጀመረችው በማግስቱ ነው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ካለፈ አባቷ ወደዚያ ወደተወረወረው ስልክ ይመለሳሉ።

*

ማክሰኞን ሙሉ ክራሹን ጠረጴዛቸው ላይ ሊያስነሱት ሞከሩ። አልነሳ አለ። ስድስት ስልክ ደርድረው ፊደል አተለቁ፣ አሳነሱ፣ ስልኩን አጋደሙ፣ አቆሙ። ጽሑፉ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ቢሮ ሲሆን ጨዋ ነው» አለች ክብሪት ተማርራ። «እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ልጅ።»

ድመት ፈገግ አለ። ፈገግታው መጥቶ የሄደው በዓይኑ ብቻ ነበር። ክብሪት አየችው፤ እንዳላየች ለመሆን ግን ወሰነች። ገና ተቆጥታ አልጨረሰችም።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት። ሁለት መስመር ጽፏል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ዘበኛው የማይሆን ነገር ካየ አይጩህ፤ ያንን መስመር ዘሎ ወደ ቀጣዩ ይለፍ።

«ብራውዘሩ አይወድቅም» አለ። «ሥራሽም ዛሬውኑ ይመለሳል።»

«የተዘለለው መስመርስ?»

«አንድ መስመር ነው። ሰውየው ገጹን ደግሞ ሲከፍተው ይመጣለታል።»

«መጉደሉን ካላወቀ ለምን ብሎ ደግሞ ይከፍተዋል?»

ድመት ትከሻውን ነቀነቀ። «ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።»

ክብሪት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ይነቅዛል! እንደ ዝም የሚነቅዝ ነገር የለም! የሚነቅዘው ግን ከውስጥ ነው፤ ከላይ ስታየው ሙሉ እህል ይመስልሃል! አንድ ቀን ስትሰብረው ዱቄት ነው!»

ድመት ሌላ ነገር ከፈተ።

«ይህን እዪው» አለ።

የክራሽ ሪፖርቶቹ ዝርዝር ነበር። ሪፖርት የሰው ስም የለውም፤ የስልኩ ዓይነት፣ ሰዓቱና የፊደሉ መጠን ብቻ ነው የሚጻፍበት።

«ሦስት መቶ ሰው መስሎን ነበር። አይደለም። ከግማሽ በላዩ ከአንድ ስልክ ነው የመጣው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ብቻ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ይወድቃል፣ ይከፍተዋል። ይወድቃል፣ ይከፍተዋል።» ድምፁ ውስጥ አክብሮት ነበር። «ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ወድጄዋለሁ።»

«እብድ ነው።»

«ወይም የሚያነበውን ነገር አጥብቆ ይፈልገዋል።»

ክብሪት ሳቀች። ሳታስበው ነው የሳቀችው፤ ንዴቷን ለአፍታ አስቀምጣ የረሳችው ይመስል። ከዚያ የስልኩን ዓይነት አነበበች። መመረት ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የፊደል መጠን፦ የመጨረሻው ትልቅ።

ያንን ስልክ ታውቀዋለች። የሙከራ እትሙን በገዛ እጇ የጫነችበት እሷ ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ቤት ስትገባ «አባባ፣ እንዴት ነው?» ስትል፣ «ድንቅ ነው የኔ ልጅ። እንደ ውኃ ይፈሳል» ይሏት ነበር።

«ምነው?» አለ ድመት። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ሲደርቅ አይቷል።

በዚያ ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ያለችው እሷ ሆነች።

«ነገ ጠዋት ኬብልህን ይዘህ ቤት ትመጣለህ» አለች ቆይታ።

«የማን ቤት?»

«የእብዱ።»

*

የአባቷ ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አጉሊ መነጽር፣ የዓይን ጠብታና ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ለመታሰቢያ የወሰዷት አንዲት የእርሳስ ፊደል መደርደሪያ ተቀምጠዋል። ስልካቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አባባ፣ ስልክህን ስጠን።»

«ለማን ነው የምሰጠው?»

«ለእሱ።»

አባቷ ድመትን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አነበቡት፤ እንደ ማተሚያ ረቂቅ፣ ስህተት እየፈለጉ።

«ሥራሽን የነቀለው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«መልኩ እንኳ የጨዋ ልጅ ነው።»

«አባባ!»

«ምን አልኩ? ቁጭ በል ልጄ። እኛ ቤት ነቃይም ቢሆን ቆሞ አይነቅልም።»

ድመት ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ የክብሪትን ሥራ መልሶ ጫነበት። «አሁን እንደ ሁልጊዜው ያንብቡ» አላቸው።

አባቷ የለመዱትን ገጽ ከፈቱ፤ የዓይን ሕሙማን ምክር የሚወጣበት ነው። ገጹ ገና ነጭ ሳለ፣ አንድም ፊደል ሳይመጣ፣ ሁለት ጣቶቻቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው መለጠጥ ጀመሩ። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ መጣ። ጣቶቻቸው አሁንም እየለጠጡ ነው። ማያው ድርግም አለ።

ወደቀ።

አባቷ ምንም ሳይሉ እንደገና ከፈቱት። ለጠጡት። ወደቀ። እንደገና ከፈቱት።

ክብሪትና ድመት ተያዩ። ቢሮ ውስጥ ኔትወርኩ ፈጣን ነው፤ ጣት ማያውን ሳይነካ ገጹ ተጠቃሎ ይደርሳል። እዚህ ግን ኔትወርኩ ይንፏቀቃል፣ ሽማግሌው ደግሞ አይታገሡም። አምስት ወር ሙሉ ክብሪት ጽሑፉ እየመጣ ሳለ ፊደል አተልቃ አታውቅም። በየቀኑ የሚያደርገው ሰው ከአንድ ግድግዳ ማዶ ተኝቶ ነበር።

«አባባ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያውቋት ሰዎች ከጩኸቷ ይልቅ የሚፈሩት ይህንን ነው። «ማታ ማታ ‹እንዴት ነው› ስልህ ምን ነበር የምትለኝ?»

«ድንቅ ነው።»

«ሐሙስ ዕለት ስንት ጊዜ ወደቀ?»

«ማን ይቆጥራል።»

«ሠላሳ አንድ! ሠላሳ አንድ ጊዜ ወድቆ ‹እንደ ውኃ ይፈሳል› ትለኛለህ?»

«ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ፈሷል እኮ።»

«አባባ!»

«ፊትሽን አይቼ ነው!» አሉ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ቁጣው ከማን እንደተወረሰ ድመት ያኔ ገባው። «አምስት ወር ለኔ ብለሽ ስትለፊ፣ ማታ በሩን ከፍተሽ እንደ ሕፃን ስታዪኝ፣ ምን ልበልሽ?»

«ወደቀ በለኛ!»

«ትቆጫለሽ።»

«የምቆጣው ስለማትነግሩኝ ነው!»

«የማንነግርሽ ስለምትቆጪ ነው።»

‹የማንነግርሽ› ሲሉ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ድመት ዞሮ ነበር። ክብሪትም ወደ እሱ ዞረች። ድመት ኬብሉን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል።

«ሰኞ ጠዋት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከመንቀሌ በፊት ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ሳይጠራ ዘጋሁት።»

ነገሩን ለማለዘብ ይመስላል፣ ድመት የማክሰኞዎቹን ሁለት መስመሮች ስልኩ ላይ ጫነ። ዝም ብሎ የሚያልፈውን ዘበኛ።

«እስኪ ይህንንም ይሞክሩት፤ ቢያንስ አይወድቅም» አላቸው።

እውነትም አልወደቀም። አባቷ ፊታቸው በራ። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ፣ እንደ ድሮው የአራሚ ልማዳቸው፣ ድምፅ አውጥተው አነበቡ። «‹ጠብታውን ከከፈቱት ከአንድ ወር በኋላ መጠቀም ይችላሉ።›»

ጣታቸው ቆመ።

«አይደለም» አሉ።

«ምኑ ነው አባባ?»

«እዚህ ላይ የተዋጠ መስመር አለ። ጠብታ ከተከፈተ ወር ካለፈው ይጣላል፤ ሐኪሟ በአፏ ነግራኛለች።»

ድመት ሙሉውን ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አነበበ። «‹ጠብታውን ከከፈቱት ከአንድ ወር በኋላ መጣል ይኖርብዎታል፤ ያልተከፈተውን ግን እስከ ሁለት ዓመት መጠቀም ይችላሉ።›» ስልኩ ላይ የመሐሉ መስመር የለም። ጎድሏል የሚል ምልክት የለም፣ ባዶ ቦታ የለም። የላይኛውና የታችኛው ተጨባብጠው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆነዋል። ድመት ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የጠብታ ጠርሙስ አየ። ተከፍታለች። ፊቱ አመድ መሰለ።

አሁን የተቆጡት አባቷ ነበሩ።

«ማተሚያ ቤት ሳለሁ መስመር የጎደለበት ገጽ ካየሁ ማሽኑን አስቆም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ይሰድበኛል፣ ጋዜጣ አዟሪው ይሰድበኛል። ይስደቡኝ! ጋዜጣ ሲዘገይ ሰው ይሳደባል። መስመር ሲጎድል ግን የሚሳደብ የለም። ለምን? መጉደሉን ማን አውቆት!»

«ታዲያ አንተስ አባባ?» አለች ክብሪት። «ሁለት ሳምንት ሙሉ የዋጥከው ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ዘመን ሙሉ እርሳስ ያጠቆረውን አውራ ጣታቸውን አዩ።

«አባት ሲሆኑ ማረም ይከብዳል» አሉ።

ድመት ሁለቱን መስመሮች ሰረዘ። «ዘበኛው ይጩህ» አለ።

*

ከዚያ በኋላ እስከ ዓርብ ቢሮ አልተመለሱም። ኔትወርኩ የሚንፏቀቀው እዚያው ስለሆነ ሥራውም እዚያው ሆነ። እትዬ ደውላ «የት ናችሁ?» ስትል ክብሪት «ሌባው ሰፈር» አለቻት። የረቡዕን ቀሪ ሰዓትና የሐሙስን ጠዋት በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ፣ በእርሳስ ፊደል መደርደሪያዋ ማዶና ወዲህ ተቀምጠው ኮዱን መስመር በመስመር ወረዱት። አባቷ አልጋቸው ላይ ሆነው በየአሥር ደቂቃው «ልጣልላችሁ?» ይሏቸዋል።

«ይጣሉት» ይላል ድመት፣ እሳቸውም ለጥጠው ይጥሉታል።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አገኙት። የክብሪት ኮድ እያንዳንዱን ቃል አንድ ጊዜ ለክቶ ልኩን ያስቀምጣል፤ በየጊዜው ከመለካት እንዲፈጥን። ፊደሉ ከተለቀ የድሮውን ልክ ይጥላል። የሚጥለው ግን «ፊደል ተለውጧል» የሚል መልእክት ሲደርሰው ነው፤ ያውም እስከዚያ የደረሱትን መስመሮች ብቻ። ጣት እየለጠጠ ሳለ የሚመጡት አዳዲስ መስመሮች በትንሹ ፊደል ልክ ተለክተው በትልቁ ፊደል ይደረደራሉ። መስመሩ ሞልቶ ይፈሳል፤ ዘበኛው ይጮኻል።

«መልእክቱ ለምን ይዘገያል?» አለች ክብሪት። «ጣቱ መለጠጥ ሲጀምር ለምን አይናገርም? ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚናገረው።»

መልእክቱን የሚልከውን ኮድ ከፈተች። ከላይ የጸሐፊው መለያ አለ። የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጸሐፊው ድመት ነው።

ልትጮኽ የምትችልባቸው ብዙ ቃላት አፏ ውስጥ ተሰልፈው ነበር፤ ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፣ ማጭዱ ግን እጇ ገብቷል። ነገ ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት ልታወጣው ትችላለች። እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ጠበቀች። ዝም ይል እንደሆነ ማየት ፈለገች። ዝም ቢል ነገሩ እዚያ ያበቃል፤ የሥራው አይደለም፣ ከትናንት ጀምሮ ልቧ ውስጥ ሳትጠራው የመጣው ነገር ያበቃል።

ድመት ማያውን አየ። እሷን አየ።

«የኔ ነው» አለ። ጮክ ብሎ ነበር፤ አባቷ አልጋቸው ላይ ቀና እስኪሉ። «ሰው ጽሑፍ እያነበበ በመሐል እንዳልረብሸው ብዬ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ እንዲናገር አደረግኩት። የነቀልኩት የሰው ጥፋት መስሎኝ ነበር። የኔ ነው።»

ክብሪት ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«ግማሹ» አለች።

«እ?»

«ግማሹ ያንተ ነው። ግማሹ የኔ ነው። የደረሱትን ብቻ እንጂ የሚመጡትን አላሰብኩም።»

ማስተካከያው ሁለት መስመር ብቻ ሆነ። አንዱን እሱ ጻፈ፦ መልእክቱ ጣት መስታወቱን ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ይናገር። አንዱን እሷ ጻፈች፦ የደረሰውም የሚደርሰውም የድሮ ልክ ሁሉ ይጣል። ጻፉና ስልኩን ለአባቷ ሰጧቸው።

አባቷ ለጠጡ። ፊደሉ ተለቀ፣ መስመሩ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ታጥፎ ወረደ። ደግመው ለጠጡ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ስልኩን አስቀመጡ።

«እንዴት ነው አባባ?» አለች ክብሪት።

ሽማግሌው አሰቡ። «የመስመሮቹ መሐል ትንሽ ጠቧል» አሉ። «የፊደሉም ቅርጽ አያምርም። ያኛው አርእስት ደግሞ በጣም ወደ ግራ ሄዷል።»

ክብሪት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

*

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባ ነበር። እትዬ ማስተካከያውን ተመልክታ ራሷን ነቀነቀች።

«ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ክራሹ ከተስተካከለ ያ ዘበኛ ምን ይሠራል? አንሡትና ዝም ብሎ የሚያልፈውን አድርጉበት። ለጥንቃቄ ነው።»

ክብሪት አፏን ከፈተች። ሁሉም ጆሮውን አዘጋጀ።

«አይነሳም!»

ጠረጴዛው ተመታ፣ አንድ ብርጭቆ ዘለለ። የመታው ድመት ነበር። ቆሟል።

«ብራውዘሩ ቢወድቅ የምናፍረው እኛ ነን! መስመር ቢዋጥ የሚታወሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ያውም አንብበው፣ አምነውን! አፍረን እንሙት! ዘበኛው ከተነሳ እኔ አላጸድቅም!»

እትዬ መነጽሯን አወለቀች። «ማነው የተናገረው?» አለች። እውነትም ለቅጽበት አላወቀችውም።

«ክብሪት ካለበት አጠገብ ጭድ አታስቀምጡ ብዬ ነበር» አለ ከኋላ ያ የሰኞው ሰው።

ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል ሥራው ተመልሶ ገባ፤ ከነዘበኛው።

ክብሪት ደረጃው ላይ አገኘችው። ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ቆሞ፣ ጠረጴዛውን የመታበትን መዳፉን ይዳብሳል።

«አመመህ?»

ልማዱ ነውና «አይ» ሊል ነበር። ቆም አለ።

«አዎ» አለ። «በጣም።»

«ሰኞ ለምን ነበር የዘጋኸው? እውነቱን ንገረኝ። ቁጣዬን ፈርተህ ነው?»

«ቁጣሽን አይደለም።» ቀና ብሎ አያት፤ አሁንም ዓይኑን አልሰበረም። «ለሁለት ዓመት አንቺን የማናግርበት ምክንያት ስፈልግ ነበር። ምክንያቱ ተገኘ፣ ግን ሥራሽን መንቀል ሆነ። ‹ሄሎ› ብዬ ልጀምርበት አልቻልኩም።»

ክብሪት ለመቆጣት ፈለገች። ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ውጦ!

«ሁለት ዓመት!» አለችው። «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? እኔ ደግሞ ይሄ ሰው ይጠላኛል እያልኩ ሁለት ዓመት በሌላኛው ደረጃ ስወርድ!»

«የማትነግሪኝን እኔ በምን ላውቅ?»

እሷም ዝም አለች። ያ ዝምታ ግን የዋጠው መስመር አልነበረም።

«ስማ» አለችው። «እኔ እቆጣለሁ። አልለወጥም፤ አባቴን አይተሃል። አንተ ግን አትደብቀኝ። ምንም ቢሆን፣ የዚያኑ ቀን ትነግረኛለህ። እኔ ጮኼ እጨርሳለሁ። መሄድ ግን አልሄድም።»

«የዚያኑ ቀን» አለ ድመት።

ሁለቱን ደረጃ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ኮቴው ተሰማት።

*

በሚቀጥለው ሰኞ ኮዱን ስትከፍት ዘበኛው አጠገብ አዲስ የድመት ማስታወሻ አየች። «እዚህ የደረሰ ሰው ዝም አይበል።» ቆጠረችው። አምስት ቃል።

ብዙ ዓመት አብረው ኖሩ። ተጣልተውም ኖሩ፤ ጎረቤት የእሷን ድምፅ ለምዶት ነበር፣ ቆይቶ የእሱንም ለመደ። ድመት ቃሉን አላጠፈም። ከሐኪም ቤት የተመለሰ ዕለት እንኳ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሐኪሙ ያለውን አንድ ቃል ሳያስቀር ነገራት። የዚያን ዕለት ክብሪት በሕይወቷ ያልተቆጣችውን ቁጣ ተቆጣች፤ በሐኪሙ፣ በሰማዩ፣ በበሩ። በእሱ ላይ ግን አልተቆጣችም። የቀራቸውን ጊዜ ሁለቱም እያወቁ ኖሩት።

አሁን የክፍሉ ኃላፊ እሷ ናት። አሮጌ ኮድ በሚጸዳበት ወቅት አንድ ሰው ያቺን መስመር ማግኘቱ አይቀርም። «ይህ ዘበኛ ከጮኸ ስንት ዘመኑ ነው፤ አያስፈልግም፣ ብናነሳውስ?» ይላታል።

«አይነሳም!» ትላለች ጠረጴዛውን መትታ።

እየሳቁ ይወጣሉ። ክብሪት ተጫረች ይላሉ። እሷም በሩ እስኪዘጋ ትጠብቅና አምስቱን ቃል አንድ በአንድ ታነባቸዋለች፤ በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅ አውጥታ፣ የጎደለ እንዳይኖር።